መሃሉ እንደ አክንባሎ የሚነሣው የመርከበኛ ኮምፓስ

ጥያቄው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ከምትኖር አንዲት አንባቢ የመጣ ነው፤ አሳጥሬዋለሁ። ነገሩ ስለ ኩዊልት ነው፣ ማለት ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞና ተደርቦ ስለሚሰፋ ሥራ፤ የመርከበኛ ኮምፓስ የሚባለው ደግሞ ሹሎቹ ከመሃል ወደ ዙሪያ እንደ ኮከብ የሚወጡ ክብ ንድፍ ነው።

«እትዬ፣ ወረቀት ላይ የሚሰፋውን ኩዊልት ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። ቀላል ቀላሉን ሠርቼ አሁን ባለ 16 ሹል የመርከበኛ ኮምፓስ ላይ ወድቄ ቀረሁ። ንድፉን ከአንዲት እንግሊዛዊት በኢንተርኔት ገዝቼ ቤት ነው ያተምኩት። ሦስት ጊዜ ሠራሁት፣ ሦስቴም ያው ነው። ክቡ 12 ኢንች መሆን ሲገባው 11 ከሩብ ገደማ ይወጣል፤ መሃሉ እንደ አክንባሎ ይነሣል፤ የሹሎቹ ጫፍ ተቆርጦ ይቀራል። በስዕሉ ላይ የሹሉ ጥቁር ጎን በግራ ነው፣ የእኔ በቀኝ። አንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ ሰፍቼ ስገለብጠው ቦታውን አይሸፍንም። አንዷ ጓደኛዬ ‹ወረቀቱን ቶሎ ቅደጂው፣ ያሳበጠው እሱ ነው› ብላኝ ቀደድኩት፤ ሌላዋ ‹የስፌት መኪናሽን ቀይሪ› ትላለች። ነጮቹን ሹሎች ከእናቴ ነጠላ ልሠራቸው ነበር ሐሳቤ። መኪና ልግዛ ወይስ ወረቀቱን ትቼ በካርቶን ልኬት ልቁረጥ?»

መኪና አትግዢ። ወረቀቱንም አትተዪ። የቆጠርሽልኝ ነገር የአንድ በሽታ ምልክት አይደለም፤ አንድ ብሎክ ላይ፣ ማለት አንዱ የኩዊልት ክፍል ላይ፣ የተገናኙ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መጠኑን ያጠፋው ፕሪንተሩ ነው። የጥቁሩ ጎን መገልበጥ ጭራሽ ጥፋት አይደለም። አልደርስ ያለው ቁራጭ የአቆራረጥ ጉዳይ ነው። አክንባሎው ግን ክቡ የተከፈለባቸውን ስምንት ሽብልቆች እርስ በርስ ስታያይዢ የሠራሽው ነው፤ ብዙ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው። ወረቀት ላይ መስፋት ልክነትን የሚሰጥሽ በአንዱ ወረቀት ውስጥ ብቻ ነው። ወረቀትና ወረቀት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ስትደርሺ እንደ ማንኛውም ልብስ ሰፊ ዓይንሽና እጅሽ ብቻ ይቀሩሻል። አንቺም የተሸነፍሽው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን ያስቀደደችሽን ጓደኛ ነገር ላንሣ፣ ምክሯ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ። ወረቀት የሚባለው የኩዊልት ሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ሰው ያደባልቃቸዋል። አንደኛው በእጅ የሚሰፋው ነው፦ ባለ ስድስት ጎን ወረቀት ተቆርጦ ጨርቁ በላዩ ይታጠፍና ጠርዝ ለጠርዝ በመርፌ ይያያዛል። እዚያ አንዱ ቁራጭ ዙሪያውን በጎረቤቶቹ ከተከበበ በኋላ ወረቀቱን ማውጣት ይቻላል፤ እንዲያውም ለሌላ ቁራጭ ይደገማል። ያንቺ ግን ንድፉ የታተመበት ወረቀት ላይ፣ ወረቀቱን እየበሳ በመኪና የሚሰፋው ነው። እዚህ ወረቀቱ ልኬትም ነው፣ አጥንትም ነው። ሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ እንዳይለጠጥ የያዘው እሱ ነው፤ ሹሉ የት ላይ እንደሚያልቅ የሚያሳይሽ መስመርም ያለው እሱ ላይ ነው። ቀደም ብለሽ ስትቀጅው የክቡ ዙሪያ ተለጠጠ፤ ተለጥጦ ወጣ ገባ ሲልብሽ በመቀስ አስተካከልሽው፤ ስታስተካክዪ የሹሎቹን የስፌት ትርፍ፣ ከስፌቱ መስመር ውጭ የሚተወውን ጨርቅ፣ በላሽው። ጫፎቹ የተቆረጡት በዚህ ነው። ወረቀቱ የሚወጣው ክቡ ከዙሪያው ካሬ ጋር ከተያያዘ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት በምንም ምክንያት አይነካም። የሚነካ አንድ ጠባብ ቦታ አለ፣ እሱን ስደርስ እነግርሻለሁ።

አሁን መጠኑ። 11 ከሩብ ማለትሽ ብቻውን ነገሩን አወጣው። ንድፉ ከእንግሊዝ ከሆነ የተዘጋጀው ለኤ4 ወረቀት ነው፤ ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር። አንቺ ቤት ያለው የአሜሪካ ሌተር ወረቀት ቁመቱ 279 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፕሪንተሩ ገጹን ከወረቀቱ ጋር ራሱ እንዲያመጣጥን ከተተወ ስዕሉን ወደ 94 በመቶ ያወርደዋል። የ12 ኢንች 94 በመቶ ስንት ነው? 11 ኢንች ከሩብ ከትንሽ። ስለዚህ ክቡ ያነሰው ገና መቀስ ሳታነሺ ነው። ማተሚያው ላይ መጠኑ 100 በመቶ ወይም ትክክለኛ መጠን በሚለው ይሁን። ጥሩ ንድፍ ጥግ ላይ 1 ኢንች መፈተሻ ካሬ አለው፤ ወረቀቱ ከወጣ በኋላ በማስመሪያ ለኪው። ካሬ ከሌለው የሽብልቁን ረጅም መስመር ለኪ፤ ያንቺ ከመሃል እስከ ዙሪያ 6 ኢንች መሆን አለበት፣ የሩብ ኢንች ትርፉን ሳይጨምር። ይህ ሌተር ወረቀት ላይ ያለ ችግር ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስምንቱንም ሽብልቆች ከአንድ ማተሚያ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ወረቀት አትሚ። አራቱን ቤት፣ አራቱን ቤተ መጻሕፍት ካተምሽ አንዱ ከሌላው ይለያል። ሁሉም እኩል ካነሱ ኮምፓሱ ትንሽ ሆኖም ቢሆን ተኝቶ ይቀመጣል፤ ግማሹ ብቻ ሲያንስ ግን የሚያድነው የለም። በፎቶ ኮፒ ማባዛትም እንደዚሁ ነው፤ ኮፒ ማሽን በአንድ በኩል ትንሽ መለጠጥ ልማዱ ነው፣ የኮፒ ኮፒ ደግሞ ይብሳል። ቀለሙንም ፈትኚ፤ ከአንዳንድ ማተሚያ የወጣ መስመር ካውያ ሲነካው ወደ ነጭ ጨርቅ ይሸሻል። አንድ ብጣሽ ላይ ሞክረሽ እወቂው።

ጥቁሩ ጎን በቀኝ መሆኑ አያሳስብሽ። የምትሰፊው መስመሩ ከታተመበት ፊት ነው፣ ጨርቁ የሚቀመጠው ግን ከጀርባ ነው። ስለዚህ የሚወጣው ሥራ የታተመው ስዕል መስታወት ነው፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው። አንዳንድ ንድፍ አውጪ አስቀድማ ገልብጣ ታትመዋለች፣ አንዳንዷ አትገለብጥም። ኮምፓስ ላይ የሚለወጠው ብርሃኑ ከግራ ወይም ከቀኝ የመጣ መምሰሉ ብቻ ነው። ፊደል ወይም ወፍ ቢሆን ኖሮ ያስጨንቅ ነበር።

አልደርስ ወዳለው ቁራጭ ልለፍ። ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያስለቅስ እሱ ነው፣ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ቁራጩን ስትሰፊው ባንድ አቅጣጫ ተኝቶ ነው፤ ከተሰፋ በኋላ በስፌቱ መስመር ላይ እንደ በር ይዞራል። አራት ማዕዘን ከሆነ የትም ቢዞር ያው ነው። ሹል ሦስት ማዕዘን ግን ሲዞር ሹሉ ወዳላሰብሽው በኩል ይሄዳል። በዓይንሽ «ይበቃል» ያልሽው ጨርቅ ከተገለበጠ በኋላ አንድ ጥጉ ባዶ ይቀራል። መድኃኒቱ ሦስት ነው፣ ሦስቱንም አድርጊ። የንድፉን አንድ ትርፍ ቅጂ ቁራጭ በቁራጭ ቆርጠሽ ልኬት አድርጊው፤ በሁሉም ጎን ግማሽ ኢንች ጨምረሽ ጨርቁን ቁረጪ። ስትቆርጪ የታተመው ፊት ወደ ላይ፣ የጨርቁም ጀርባ ወደ ላይ ይሁን፤ ይህን ካጠፋሽው አበባ ያለው ጨርቅ ሁሉ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይቆረጣል። ሁለተኛ፣ አዲስ ቁራጭ ከመጨመርሽ በፊት ወረቀቱን በሚቀጥለው መስመር ላይ በጠንካራ ካርድ እጠፊውና የወጣውን ጨርቅ ሩብ ኢንች አስተርፈሽ ቁረጪ። ያን ጊዜ ቀጥ ያለ ጠርዝ ታገኛለሽ፤ አዲሱን ቁራጭ እዚያ ጠርዝ ላይ ማስተካከል ብቻ ነው፣ ግምት የለም። ሦስተኛ፣ ከመስፋትሽ በፊት በመስመሩ ላይ በስፒል ያዢው፣ ገልብጪው፣ ወደ መስኮት አንሺው። ብርሃኑ ጨርቁ የት እንደደረሰ ያሳይሻል። ግማሽ ኢንች መጨመር ጨርቅ ማባከን የሚመስላቸው አሉ። አንድ ሹል ሁለቴ መቁረጥ የበለጠ ያባክናል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ድርና ማግ አንድ ነገር፦ በክቡ ዙሪያ ላይ የሚያርፈው የመደቡ፣ ማለት በሹሎቹ መካከል ያለው፣ ጨርቅ ነው። እሱን ስትቆርጪ ወደ ውጭ የሚሆነው ጠርዝ በተቻለ መጠን ከድሩ ወይም ከማጉ ጋር ይሂድ እንጂ ሰያፍ አይሁን። ወረቀቱ ሲወጣ የሚለጠጠው ሰያፉ ነው።

እንግዲህ አክንባሎው። ያንቺ ንድፍ እንደነገርሽኝ ከሆነ ስምንት ሽብልቆች አሉት፣ እያንዳንዳቸው 45 ዲግሪ። በአንዱ ሽብልቅ ውስጥ አምስት ቁራጭ አለ፦ ትንሹ ሹል መሃል ላይ፣ መደቡ በግራና በቀኝ፣ ከዚያ የመካከለኛው ሹል ግማሽ በአንድ ወገን፣ በመጨረሻ የትልቁ ሹል ግማሽ በሌላው ወገን። አራቱ ሽብልቆች የሌሎቹ አራት መስታወት ናቸው። ሲያያዙ ትልልቆቹ አራት፣ መካከለኞቹ አራት፣ ትንንሾቹ ስምንት፣ በድምሩ 16 ሹል ይሆናል። በሽብልቁ ውስጥ ያለው ስፌት ወረቀቱ ላይ ስለሆነ አይስትም። ስምንቱን የሚያያይዘው ስፌት ነው የሚስተው።

ሰው ሁሉ የሚለው «የስፌት ትርፍሽ ልክ ስላልሆነ ነው» ነው። ይህ አይበቃም። ትርፍሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያንስ የሽብልቁ ማዕዘን አይለወጥም፤ ክቡ ትንሽ ይሰፋል፣ ሹሎቹ ትንሽ ይዛነፋሉ፣ ብሎኩ ግን ተኝቶ ይቀመጣል። ብሎክ የሚያብጠው ስፌቱ ሲጠብ ወይም ሲሰፋ ሳይሆን ከመስመሩ እየራቀ ሲሄድ ነው። ዙሪያው ላይ መስመሩን ይዘሽ ጀመርሽ እንበል። ወደ መሃል ስትቀርቢ የጨርቁ ድርብርብ ይወፍራል፣ የመኪናው እግር ጉብታው ላይ ይወጣና ወደ ውጭ ይንሸራተታል፣ መርፌው ከመስመሩ ይርቃል። መሃል ላይ ትርፍ ጨርቅ ቀረ፤ ዙሪያው ላይ ግን ምንም አልተጨመረም። ማዕዘኑ ጠበበ ማለት ነው። የስምንቱ ድምር 360 ዲግሪ ካልሞላ ጨርቁ ሾጣጣ ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም። የወረቀት ክብ ቀደሽ አንድ ቀጭን ሽብልቅ ብታወጪለትና ብትገጥሚው የሚሆነው ያው ነው።

ምን ያህል ስህተት ይበቃል? ብዙ አይደለም። ከመሃል እስከ ዙሪያ 6 ኢንች፣ ማለትም 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስፌቱ ከዙሪያው ጀምሮ ቀስ በቀስ እየራቀ መሃል ላይ ሲደርስ 1 ሚሊ ሜትር ቢስት፣ በሁለቱም ወገን ስለሚቆጠር በአንድ መጋጠሚያ ሦስት አራተኛ ዲግሪ ገደማ ይጠፋል። በስምንቱ 6 ዲግሪ ይሆናል። 354 ዲግሪ ያለው ጨርቅ በዚህ ስፋት መሃሉ ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ ይነሣል። ለዓይን የማይታይ አንድ ሚሊ ሜትር ነው ጠረጴዛሽ ላይ አክንባሎ ያስቀመጠው። ተቃራኒውም አለ፤ መሃሉ ተኝቶ ዙሪያው እንደ ቀሚስ ጫፍ የሚንዘፈዘፍ ከሆነ ድምሩ ከ360 አልፏል፣ ወይም ሰያፉ ጠርዝ ተለጥጧል። የሚያብጠውና የሚንዘፈዘፈው በሽታቸው የተለያየ ስለሆነ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

ስለዚህ መጋጠሚያውን እንዲህ ሥሪው። እያንዳንዱን ሽብልቅ ከውጨኛው መስመር ሩብ ኢንች ርቀሽ በማስመሪያና በተሽከርካሪ ቢላ አስተካክለሽ ቁረጪ፣ ወረቀቱንም ጨርቁንም አንድ ላይ። ሁለት ሽብልቆችን ፊት ለፊት አድርጊ። የመካከለኛው ሹል መስመር ላይ የምታገናኚያቸው ነጥቦች ሦስት ናቸው፦ ዙሪያው ላይ ያለው ጫፍ፣ የትልቁ ሹል ጎን የሚያርፍበት ቦታ፣ መሃሉ። የትልቁ ሹል መስመር ላይ ግን ጫፉና መሃሉ ብቻ ናቸው። በእያንዳንዱ ነጥብ ስፒሉን ቀጥ አድርገሽ፣ በአንዱ ወረቀት መስመር ገብቶ በሌላው መስመር እንዲወጣ ውጊው። ስፒሉ ቆሞ ሳለ ግራና ቀኙን በሌላ ስፒል ወይም በመቆንጠጫ ያዢ። የቆመውን ስፒል አጋድመሽ ካሰርሽው ሁለቱ ወረቀቶች ይንሸራተታሉ፤ ብዙ ሰው የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ቆሞ ይጠብቅ፣ መርፌው ሲቀርብ ይውጣ።

ከዚያ አትስፊ። ወስውሺ። የስፌቱን ርዝመት ወደ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር አድርገሽ ነጥቦቹ ላይ ብቻ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ሰፍተሽ ክፈቺና እዪው። ልክ ካልሆነ ክሩን ስቢው፣ በአንድ እጅ ይወጣል። ልክ ከሆነ ብቻ ርዝመቱን ወደ 1.5 ወይም 1.8 መልሰሽ ሙሉውን ስፊ። ይህን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች ጊዜ ያተረፉ ይመስላቸዋል። በ1.5 የተሰፋ ስፌት መተርተር ምን እንደሚመስል እኔ ላስረዳሽ አልችልም፤ ሦስት ጊዜ ስለሞከርሽ ታውቂዋለሽ።

ከየት ጀምሮ መስፋት እንዳለበት ባለሙያዎች አይስማሙም። እኔ ከመሃል ጀምሬ ወደ ዙሪያ እሰፋለሁ፤ ምክንያቱም ስጀምር መርፌውን በእጅ መዘውሩ አውርጄ ልክ በመስመሩ ጫፍ ላይ ማሳረፍ እችላለሁ። ጉብታው ላይ በፍጥነት ከመድረስ ጉብታው ላይ ቆሞ መነሣት ይሻላል። የመጨረሻው ስፌት ብቻ ከዳር እስከ ዳር ስለሚያልፍ ይህ አይሆንለትም፤ እሱን መሃል ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር አስቀድሜ ወስውሼ ከዚያ ከዳር እነሣለሁ።

እያንዳንዱ መጋጠሚያ ከተሰፋ በኋላ ያልኩሽ ጠባብ ቦታ መጣ፦ በስፌት ትርፉ ውስጥ ያለውን የሩብ ኢንች ወረቀት ብቻ ቅደጂ። ትርፉን ከፍተሽ ለሁለት ተኩሺው እንጂ ወደ አንድ ወገን አታስተኚው። መሃል ላይ ስምንት ሽብልቆች ከነትርፋቸው ይገናኛሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከተኙ ተራራ ይሠራሉ። ካውያው ደረቅ ይሁን፣ እንፋሎት የለም። እንፋሎት ወረቀቱን ያሸበሽበዋል፣ ሰያፉንም ጨርቅ ይለጥጠዋል። ካውያውንም ከላይ ጫኚው፤ ሸሚዝ እንደምትተኩሺ አትግፊው።

አሁን ከሁሉ የሚጠቅምሽን ልንገርሽ። ሁለት ሽብልቆች ሲያያዙ 90 ዲግሪ ይሆናሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ሩብ ሠርተሽ ስትጨርሺ ወረቀቱ ላይ ባሉት ውጨኛ መስመሮች ላይ የካሬ ማስመሪያ ጥግ አስቀምጪበት። በአንድ መጋጠሚያ ያ አንድ ሚሊ ሜትር ከጠፋ ዙሪያው ጋ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ታያለሽ። በዓይን የማይታየው ስህተት እዚህ ይታያል። ልክ ያልሆነ ሩብ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፍ፣ ተርትሪው። ሁለት ሩቦች ሲያያዙ ደግሞ 180 ዲግሪ፣ ማለት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናሉ፤ ረጅም ማስመሪያ አስጠጊበት። ሁለቱ ግማሾች ቀጥ ካሉና የመጨረሻው ስፌትም መስመሩን ከያዘ ብሎኩ ማበጥ አይችልም። ሦስቱንም ጊዜ ችግሩን ያየሽው ክቡ ካለቀ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ከስምንቱ መጋጠሚያ የትኛው እንደበደለ ማወቅ አይቻልም።

ቀድመሽ የሠራሻቸውን ሦስቱን አትጣያቸው፣ ግን ተስፋም አታብዢ። ጠረጴዛ ላይ ዘርጊና መሃሉን በጣትሽ ተጫኚው። ዙሪያው ሁሉ ከተነሣ ሾጣጣ ነው፤ ስፌቶቹ ከሥር እስከ ጫፍ ተዛብተዋል፣ ከተረተርሽ ሁሉንም ነው። ዙሪያው ተኝቶ መሃሉ ብቻ እንደ ቁልፍ ድቡልቡል ካለ የድርብርቡ ውፍረት ነው፤ መሃሉ አጠገብ ያሉትን ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ተርትሮ በልኩ መስፋት ያድነዋል። መሃሉን በክብ ጨርቅ መሸፈን የሚመክሩሽ አሉ። ክቡ ውፍረቱን ይደብቃል፣ ሾጣጣውን ግን አያስተኛም። የአክንባሎን ጫፍ ብትቆርጪው የቀረው ያው አክንባሎ ነው። «ሲደረብና ሲሰፋ ይተኛል» የሚሉትንም አትስሚ፤ ጥቂት ልል ጨርቅ በላይ ስፌቱ ሊዋጥ ይችላል፣ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ግን ተጨማዶ ይቀራል።

ስለ መኪናው። ቀጥ ያለ ስፌት የሚሰፋ ማንኛውም መኪና ይበቃል፤ የእጅ መዘውር ያላት አሮጌ ሲንጀር እንኳ ይህን ሥራ አሳምራ ትሠራለች። ገንዘብ ማውጣት ካማረሽ ፊቱ ክፍት የሆነ እግር ግዢ፣ መስመሩን እንድታዪ። መርፌ 90/14 ወረቀቱን በደንብ ይበሳዋል፣ ሲቀደድም ይቀላል፤ ቀጭን ወረቀት ከሆነ 80/12 ይበቃል። ወረቀት መርፌን ያደንዛል፤ በዚያው መርፌ ቀሚስ እንዳትሰፊ። ክሩ ቀጭን የጥጥ ክር ይሁን፣ ቁጥር 50። በ2.5 ሰፍተሽ ከሆነ ወረቀቱን ስትቀጂ ስፌቱ የሚላላው ለዚህ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ስለተራራቁ ወረቀቱ ክሩን ይዞ ይጎትታል። ለመቅደድ ስትደርሺ ንድፉ ላይ ካለው የመጨረሻ የቁራጭ ቁጥር ወደ መጀመሪያው ተመለሺ፣ ስፌቱን በአውራ ጣት ይዘሽ፤ ጥጋ ጥጉ ላይ ወረንጦ ተጠቀሚ።

ወረቀቱን ትቶ በካርቶን ልኬት መቁረጥ ጥንታዊው መንገድ ነው፣ አልንቀውም። ትልቅ ብሎክ፣ በግማሽ የማይከፈል ስምንት ሹል፣ ረጋ ያለ እጅ ካለ ያምራል። በ12 ኢንች ክብ ውስጥ ለ16 ሹል ግን አልመክርሽም፤ ቀጫጭኖቹ ሹሎች ረዣዥም ሰያፍ ጠርዝ አላቸው፣ የያዛቸው ወረቀት ከሌለ ስትሰፊያቸው ይለጠጣሉ። መሃከለኛ መንገድ ከፈለግሽ አንድ ፊቱ ስስ ፕላስቲክ የተቀባ የፍሪዘር ወረቀት አለ። ፕላስቲክ ያለውን ፊት በካውያ ጨርቁ ላይ ታጣብቂያለሽ፣ በመስመሩ ታጥፊና ልክ በእጥፋቱ ዳር ትሰፊያለሽ፤ ወረቀቱ ስለማይበሳ መቅደድ የለም፣ ደግሞም ይደገማል። ጉዳቱ ከእጥፋቱ ትንሽ ከራቅሽ ልክነቱ ይጠፋል፣ ብዙ ከተነካካም ይላቀቃል። እሱን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዪው። አሁን እያስቸገረሽ ያለው መጋጠሚያው ነው፣ ወረቀት ስትለዋውጪ እሱ አብሮሽ ይዞራል።

ስለዚህ የምታደርጊው ይህ ነው፦ በ100 በመቶ ስምንቱን አትሚ፣ አንድ ሩብ ብቻ በርካሽ ጨርቅ ሥሪ፣ የካሬ ማስመሪያው ጥግ ላይ ልክ እስኪቀመጥ ድረስ ዋናውን ጨርቅ አትቁረጪ። አንድ ሩብ ከሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ ያልቃል።

የእናትሽ ነጠላ ቀረ። አገር ቤት ተደርቶ የተሰፋ ነገር ድሪቶ ነበር፣ የሌለው ሰው የሚለብሰው። እናትሽ በሕይወት ካሉ ነጠላቸውን ልትደርቺው መሆኑን ሲሰሙ የሚሉትን እኔ እገምታለሁ፣ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ለሥራው ግን ነጠላ ለሹል አይሆንም። በእጅ የተሸመነ ስስ ጨርቅ ድርና ማጉ ይንሸራተታል፣ ሩብ ኢንች ትርፍ ላይ ክሩ እየተፈታ ስፌቱ ይለቃል፣ ወረቀቱ ሲቀደድ ደግሞ አብሮ ይጎተታል። ከበስተጀርባው ያለው ጥቁር ጨርቅም ያሳልፍበታል። ጥለቱ ደግሞ ሌላ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ሹሉን ያደነድናል፣ የሚያብረቀርቅ ክር ካለበት ካውያ ሲነካው ሊሸበሸብ ይችላል። ለመሃሉ ክብ ግን ይሆናል። መጀመሪያ ነጠላውን እጠቢው፣ የሚያጥረው አሁን ይጠር። ከዚያ ከጀርባው በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ ስስ ገበር አድርጊበት፣ በመሃል ሌላ ጨርቅ አስገብተሽ እየተኮስሽ። ኮምፓሱ ተስተካክሎ ከተኛ በኋላ፣ መሃሉ ላይ ስምንቱ ሽብልቆች የሚገናኙበትን ቦታ የምትሸፍን 2 ኢንች ያህል ክብ ቁረጪለት፤ ለማጠፊያ ሩብ ኢንች ዙሪያውን ጨምሪ፣ ጠርዟን ወደ ውስጥ አጥፈሽ በእጅ በማይታይ ስፌት ያዣት። ጥለቱን ከፈለግሽው ከክቧ መሃል ሳይሆን ከአንድ ጎን ይለፍ፣ መሃሉ ላይ ውፍረት እንዳይጨምርብሽ።